እናቱን ያበረታ ሕፃን

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ የሰንበት ትምህርት ቤታችን አባላት፣ ወንድሞችና እኅቶች!

ሐምሌ 19 ቀን የምናከብረው በዓል የእናትና የልጅ ታሪክ ነው። ቅድስት ኢየሉጣ የ3 ዓመት ሕፃኗን ቅዱስ ቂርቆስን ይዛ ከስደት ብትሸሽም ተያዘች። የሚፈላው ውኃ እንደ ነጐድጓድ ሲያስገመግም እናቲቱ ፈራች። ሕፃኑ ግን አበረታት፤ ስለ እርሷም ጸለየ። ቅዱስ ገብርኤልም እሳቱን አጠፋላቸው፤ ውኃውንም አቀዘቀዘላቸው። የክፍለ ከተማችን መጠሪያ የዚህ ሕፃን ስም መሆኑን ስንቶቻችን እናስባለን?

ክረምት ገብቶ ትምህርት ሲዘጋ ሕፃናት ወደ እኛ ይመጣሉ። ፊደል ይቈጥራሉ፣ ውዳሴ ማርያም ያጠናሉ፣ መዝሙር ይማራሉ። ከነሐሴ 1 ቀን ጀምሮም ፍልሰታን ጾመው ያስቀድሳሉ፣ ይቈርባሉ። ወላጆች ግን አብዛኞቹ ከበር መልሰው ይሄዳሉ፤ እኛም ይህን እንደ ደንብ ቈጥረነዋል።

በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ የካዛንቺስ ቤቶች ሲፈርሱ ብዙ ቤተሰቦች ወደ ከተማው ዳርቻ ተዛወሩ። ክረምቱ ሲደርስ እኔ የሕፃናቱን መዝገብ አዘጋጀሁ። «ከዚያ ድረስ ማን ይመጣል?» ብዬ የሄዱትን ልጆች ስም ሰረዝሁ። አንድ ቅዳሜ ስም ጠርቼ ስጨርስ አንዲት ሕፃን እጇን አነሣች።

«ጋሼ፣ የእኔን ስም ዘለልከው እኮ!»

እናቷ በዝናብ ርሳ በሩ ላይ ቆማለች። «ወንድሜ፣ ሁለት ታክሲ ይዘን ነው የመጣነው። እኔማ ሩቅ ነው ብዬ ትቼው ነበር፤ እርሷ ናት የጎተተችኝ» አለችኝ።

አፈርሁ። ስለ ቅዱስ ቂርቆስ ሳስተምር ከርሜ፣ እናቷን ያበረታችውን ሕፃን ከመዝገብ የፋቅሁ እኔው ነበርሁ!

ወገኖቼ፣ ጌታችን በ12 ዓመቱ በኢየሩሳሌም ሲቀር፣ እመቤታችንና ዮሴፍ ከመንገደኞቹ ጋር ያለ መስሏቸው የአንድ ቀን መንገድ ሄደዋል። እንደሌለ ሲያውቁ ግን ተመልሰው ፈለጉት እንጂ «ራሱ ይምጣ» አላሉም። እኛስ የሄዱትን ፈልገናልን?

ስለዚህ በሚመጣው ክረምት ሦስት ነገር እናድርግ። የተሰረዙትን ስሞች መልሰን እንጻፍ። የወላጆቻቸውን ስልክ አፈላልገን እንደውል። እሑድ ከቅዳሴ በኋላም እናትና አባት ከልጆቻቸው ጋር ተቀምጠው የሚማሩበት አንድ ሰዓት እንመድብ፤ ቆሎና ሻይ ከእኛ አይጠፋም። ከሩቅ የመጣች እናት በር ላይ ቆማ መመለስ የለባትም።

የቅዱስ ቂርቆስና የቅድስት ኢየሉጣ አምላክ የተበተኑትን ይሰብስብልን፤ እኛንም ለፍለጋ ያንቃን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።