የደጃችን ነዳይና የማናየው ወንድም

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



ወር በገባ በ5ኛው ቀን ወደ መካኒሳ አቦ የሚመጣ ምእመን ከቅጥሩ ሳይገባ በፊት በመንገዱ ግራና ቀኝ የተቀመጡትን ነዳያን ያገኛል። ጥቅምት 5 እና መጋቢት 5 ሲሆንማ ቁጥራቸው እጅግ ይበዛል። አንዱ ዝርዝር ገንዘብ ያድላል፤ እናቶቻችን ዳቦና ንፍሮ ቋጥረው ይመጣሉ፤ የሰንበቴ ተረኛ የሆነም ሰው ከዝክሩ ለነዳያኑ ሳያካፍል ወደ ቤቱ መመለስን እንደ ነውር ይቈጥረዋል። ይህ ከአባቶቻችን የወረስነው መልካም ልማድ ስለሆነ ማንም ሊያቃልለው አይገባም።

ነገር ግን ይህ ምጽዋት የማይደርስባቸው አሉ። ምክንያቱም የሚያገኘው በእግሩ ሄዶ ወይም ሰው ደግፎት ከደጁ መድረስ የቻለውን ብቻ ነው። ጠያቂ አጥቶ በአልጋ ላይ የቀረው አረጋዊ፣ የታመመ ልጇን ጥላ መውጣት ያልቻለች እናት በመንገዱ ዳር አይታዩም። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ሲከዱት ከብቶቹ ያለቁበት የቦረና አርብቶ አደርም ከአቦ ደጅ መጥቶ እጁን አልዘረጋም። እኛ አላየናቸውም ማለት ግን አልተራቡም ማለት አይደለም።

በመካከላችን የርዳታ ነገር በተነሣ ቁጥር አብሮ የሚነሣ ክርክር አለ። «የደጃችን ነዳይ ሳይጠግብ ለሩቅ አገር ሰው ማሰብ ምን ይባላል?» የሚሉ ወንድሞች አሉ። እነዚህ ወንድሞች ንፉጎች አይደሉም፤ እንዲያውም ብዙዎቹ ከማናችንም ይልቅ እጃቸው የተፈታ ነው። ስለዚህ ጥያቄያቸው በቅንነት ሊመለስ ይገባዋል። የጻድቁን የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስን ሥዕል ሁላችንም እናውቀዋለን። በውኃ ጥም የተቸገረች ወፍ ከዓይናቸው እንባ ስትጠጣ ይታያል። ጻድቁ ወፏ ከየት አገር እንደ መጣች አልጠየቋትም።

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 11 መጨረሻ ላይ ስለ አንጾኪያ ምእመናን የተጻፈውን እንመልከት። አጋቦስ የተባለው ነቢይ በዓለም ሁሉ ታላቅ ረሃብ እንደሚሆን ተናገረ። በዓለም ሁሉ ከተባለ አንጾኪያንም ይነካል ማለት ነው። እንግዲህ የሰው ጠባይ እንደሚያስገድደን ቢሆን ኖሮ ወዲያው የየራሳቸውን ጎተራ መሙላት በጀመሩ ነበር። እነርሱ ግን እያንዳንዳቸው እንደ ዐቅማቸው አዋጥተው በበርናባስና በሳውል እጅ በይሁዳ ለሚኖሩት ወንድሞች ላኩ። አንጾኪያ ትልቅ ከተማ ነበረችና ድሃ አይታጣባትም። ሆኖም የራሳቸው ድሃ መኖሩ የሌላውን አገር ድሃ ለመርሳት ምክንያት አልሆናቸውም።

ከዚህም ይልቅ የሚያስደንቀው የመቄዶንያ ምእመናን ነገር ነው። ሐዋርያው ጳውሎስ በሁለተኛው የቆሮንቶስ መልእክቱ በምዕራፍ 8 ስለ እነርሱ ሲጽፍ፣ በመከራና በጽኑ ድህነት ውስጥ ሳሉ ከዐቅማቸው በላይ እንደ ሰጡ ይመሰክርላቸዋል። ልብ እንበል፤ በዚያ ታሪክ አጥብቀው የለመኑት ተቀባዮቹ አይደሉም። ለማኞቹ ሰጪዎቹ ናቸው፤ የለመኑትም በርዳታው የመካፈልን ዕድል ነው። የተማሪ ኪስ ምን እንደሚመስል፣ ወሩ ሳይጋመስ የታክሲው ሒሳብ እንዴት እንደሚያሳስብ እኛ እናውቀዋለንና ይህ ምዕራፍ በተለይ ለእኛ የተጻፈ ይመስለናል።

ይህንኑ ስም የያዘ ቤት በከተማችን አለ። የክብር ዶክተር ቢንያም በለጠ የመሠረቱት የመቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል ሥራው የተጀመረው በጎዳና የወደቁትን አንሥቶ ወደ ቤተሰብ ቤት በማስገባት ነበር። እዚያ ከተጠለሉት ብዙዎቹ እጃቸውን ዘርግተው ለመለመን እንኳ ዐቅም ያልነበራቸው ናቸው። በ2017 ዓ.ም. ለሕንፃው ማስጨረሻ ገንዘብ ሲሰበሰብ በአገር ውስጥ ያለውም በባሕር ማዶ የሚኖረውም ኢትዮጵያዊ እንዴት እንደ ተረባረበ ሁላችንም ያየነው ነው። እዚያ ድረስ እንኳ ሳንሄድ፣ ከመካኒሳ ብዙም በማይርቀው በዘነበ ወርቅ በሥጋ ደዌ ምክንያት ከወገን ተለይተው የመጡ ሰዎችና ልጆቻቸው ከአለርት ሆስፒታል ዙሪያ ይኖራሉ። ሰንበት ትምህርት ቤታችን በእግር ሊጠይቃቸው ይችላል።

አሁን ወደ ሩቁ እንመለስ። ወላጆቻችን የ1977 ዓ.ም.ን ረሃብ አይረሱትም። በጥቅምት ወር ከኮረም የተላከው ዘገባ በውጭ አገር ቴሌቪዥን ሲታይ፣ ኮረም በየት በኩል እንደሆነች የማያውቁ ሰዎች ካላቸው ላይ ላኩልን፤ በሐምሌም በለንደንና በፊላዴልፊያ ታላላቅ የሙዚቃ ዝግጅቶች ስለ እኛ ተደረጉ። እነዚያ ሰዎች በየከተማቸው ድሃ አልነበረምን? «አስቀድሞ የደጃችን ይጥገብ» ብለው ቢሆን ኖሮ ዛሬ ከመካከላችን ስንቶቻችን አባት ወይም እናት ባልኖረንም ነበር።

በዚያ ዘመን ቤተ ክርስቲያናችንም እጇን አጣጥፋ አልተቀመጠችም። በ1964 ዓ.ም. የተቋቋመው የልማትና ክርስቲያናዊ ተራድኦ ኮሚሽን እህልና መድኃኒት ያደርስ ነበር። በ1982 ዓ.ም. የምጽዋ ወደብ በጦርነት በተዘጋ ጊዜ ደግሞ የኦርቶዶክስ፣ የካቶሊክና የሉተራን አብያተ ክርስቲያናት ተባብረው በአሰብ የገባውን እህል የጦር ግንባር አሻግረው በሰሜን ላለው ሕዝብ አድርሰዋል። የተዋጊዎቹን ጠመንጃ ዝም አሰኝቶ የእህል መኪና ማሳለፍ ቀላል ነገር አይደለም። በትምህርት የሚለያዩ አብያተ ክርስቲያናት በዳቦ ጉዳይ እንዴት አንድ እንደሚሆኑም ከዚያ እንማራለን።

ታዲያ ሁልጊዜ ተቀባዮች ብቻ ነበርን ብለን አንገታችንን እንዳንደፋ! ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ወርቅ ልከው ያስጀመሩት፣ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የተፈጸመው የደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን በኢየሩሳሌም ለሚኖሩት መነኮሳቶቻችን ዛሬም መጠጊያ ነው። ከ1943 ዓ.ም. ጀምሮ ወደ ኮሪያ የዘመቱት የቃኘው ወታደሮች ደግሞ በጦርነቱ ወላጅ ያጡ ሕፃናትን ሰብስበው በዶንግዱቾን የሕፃናት ማሳደጊያ አቋቁመው ነበር፤ ከደመወዛቸውም ይረዷቸው ነበር። የኮሪያ ሰዎች ይህን እስከ ዛሬ ያነሡታል፤ ከእኛ መካከል ግን የማያውቀው ይበዛል።

የሌላ አገር ሰው ለመርዳትም የግድ ባሕር መሻገር የለብንም። ከደቡብ ሱዳን፣ ከሶማሊያ፣ ከኤርትራ፣ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህም ከሱዳን ጦርነት የሸሹ ሰዎች በጋምቤላና በሌሎች መጠለያዎች አሉ፤ በአዲስ አበባ ሠፈሮች ውስጥም ከእኛው ጋር ይኖራሉ። ተራድኦ ኮሚሽኑ ለስደተኞች የሚሠራ ክፍል አለው። እንግዲህ የሩቁ ሰው ራሱ ወደ ደጃችን ሲመጣ «የደጅና የሩቅ» የሚለው ክርክራችን ምን ይሆናል?

አንድ ነገር ግን ሳንሸፋፍን መናገር አለብን። ብዙ ወጣቶች ለሩቅ ርዳታ ልባቸው የማይከፈተው ጨካኞች ስለሆኑ ሳይሆን ገንዘቡ መድረሱን ስለሚጠራጠሩ ነው። ለነዳዩ በእጁ ሲሰጡት ተቀበለ፤ አለቀ። ወደ ሩቅ የሚሄደው ግን በብዙ እጅ ያልፋል። ይህን ጥርጣሬ ሐዋርያውም አልናቀውም። ስለ ተሰበሰበው ገንዘብ ማንም እንዳይነቅፋቸው ተጠንቅቆ፣ በእግዚአብሔር ፊት ብቻ ሳይሆን በሰውም ፊት ንጹሕ እንዲሆን በማሰብ፣ በምእመናን የተመረጠና የተመሰከረለትን ወንድም ከቲቶ ጋር ላከ። ጳውሎስን የሚያህል ሰው ብቻውን ካልያዘው፣ በእኛ ሣጥን ላይ ሁለት ቈጣሪና አንድ ደረሰኝ ቢጠየቅ ማንም ቅር ሊለው አይገባም። ገንዘቡ በቴሌብር ቢላክም እንዲሁ ነው፤ የተላከበት ወረቀት ወጥቶ በጉባኤ ይነበብ።

«በስውር ስጡ የተባለው ትእዛዝስ?» የሚል ይኖር ይሆናል። እንደሚመስለን በስውር የሚሆነው የሰጪው ስም ነው፤ ሒሳቡ አይደለም። የተቀባዩም ፊት በስውር ቢሆን መልካም ነው። አንዲት እናት 5 ኪሎ ዱቄት ስትቀበል ቆሞ ፎቶግራፍ ማንሣትና በየስልኩ ማሠራጨት እየተለመደ መጥቷል። ዱቄቱ በሳምንት ያልቃል፤ ፎቶግራፉ ግን ልጆቿ ትምህርት ቤት ሲሄዱ ተከትሏቸው ይሄዳል።

ስለ አሰባሰቡም ሐዋርያው የሰጠው ሥርዓት ለተማሪ የተመቸ ነው። በአንድ ጊዜ ብዙ አምጡ አላለም፤ ከሳምንቱ በመጀመሪያው ቀን እያንዳንዱ እንዳገኘው መጠን ለብቻ እንዲያስቀምጥ አዘዘ። ስለዚህ እሑድ እሑድ ከመዝሙር ጥናት በፊት ሁለት ሣጥን ቢቀርብ፣ አንዱ ለደጃችንና ለአካባቢያችን ችግረኞች፣ ሁለተኛው ለሩቁ ቢሆን፣ ሁለተኛውም የት እንደሚላክ በየሦስት ወሩ በጉባኤ ቢወሰን ብለን ሐሳብ እናቀርባለን። የታክሲ መልስም ቢሆን ይገባበታል። ለነዳያኑ ከሚሰጠው ላይ ግን አንድ ሳንቲም አይነሣም።

የቆሮንቶስ ሰዎች መዋጮውን ከአንድ ዓመት በፊት በታላቅ ፈቃድ ጀምረው በመካከሉ አቀዝቅዘውት ነበር፤ ጳውሎስም ያንን ሁለት ምዕራፍ የጻፈላቸው የጀመሩትን እንዲፈጽሙ ነው። በኋላ ወደ ሮሜ ሰዎች ሲጽፍ በኢየሩሳሌም ላሉት ድሆች የሰጡትን አገሮች ይጠራል፤ ከመቄዶንያ ቀጥሎ የሚጠራው አካይያን ነው። ቆሮንቶስ የምትገኘው በአካይያ ነው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።