ባዶ እጁን የተላከ እንግዳ፦ ስለ ወጣቶች የአጭር ጊዜ ተልእኮ

በየዓመቱ የሰሜን አሜሪካ ትምህርት ቤቶች ለበጋ ዕረፍት ሲዘጉ፣ ገና ጢም ያላበቀሉ ወንዶች ልጆችና እኩዮቻቸው የሆኑ ልጃገረዶች በቡድን እየሆኑ ወደ ሜክሲኮ፣ ወደ ጓቴማላ፣ ወደ ሆንዱራስና ወደ ሌሎችም አገሮች ይሄዳሉ። ቤተ ክርስቲያናቸው ባርካ ትሸኛቸዋለች። ለጉዞው የሚሆነውን ገንዘብ መኪና በማጠብ፣ ኬክ በመሸጥ፣ ለዘመድ ወዳጅ ደብዳቤ በመጻፍ ያሰባስባሉ። በሄዱበት ስፍራ አንድ ወይም ሁለት ሳምንት ተቀምጠው ግድግዳ ይቀባሉ፣ ብሎኬት ይደረድራሉ፣ ሕፃናትን ሰብስበው ያዘምራሉ፤ ከዚያም እያለቀሱ ተሰናብተው ይመለሳሉ። ጉዞው «የአጭር ጊዜ ተልእኮ» ይባላል። የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ የሥነ ኅብረተሰብ ምሁር ሮበርት ዉትናው እ.ኤ.አ. በ2005 በተደረገ ጥናት ተመሥርተው፣ ከአሜሪካ አብያተ ክርስቲያናት አባላት መካከል በዓመት 1.6 ሚሊዮን ያህሉ እንዲህ ላለው ጉዞ ከአገራቸው እንደሚወጡ ገምተዋል።

በዚህ እትም ከአንባቢዎቻችን ጋር ልናሰላስለው የምንወደው ጥያቄ፣ ይህ ጉዞ በእውነት ማንን ያገለግላል? የሚለው ነው። ጥያቄው የሩቅ አገር ሰዎች ጉዳይ ብቻ መስሎ እንዳይታየን። ከባሕር ማዶ የሚመጡ ወጣቶች በእኛም አገር ቁምስናዎች በእንግድነት የሚቀመጡበት ጊዜ አለ፤ በአሜሪካና በአውሮፓ የሚኖሩ ወገኖቻችን ልጆችም ከጓደኞቻቸው ጋር ሆነው ወደ ሌላ አገር የሚላኩበት ጊዜ አለ። እንግዲህ እኛ በአንድ ወገን ተቀባዮች፣ በሌላ ወገን ላኪዎች ነን።

አስቀድመን አንድ ነገር እናስቀምጥ። የዐሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ዕረፍቱን ትቶ ለማያውቀው ሰው ላቡን ሊያፈስ መነሣቱ የሚያስቅ ነገር አይደለም። በዚህ የሚሣለቁ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ራሳቸው ከወንበራቸው አልተነሡም። (ሁሉም አንድ ዓይነት ካናቴራ መልበሳቸውንም እንለፈው፤ እኛም በየክብረ በዓሉ እናሠራለን።) ይሁን እንጂ የልብ ቅንነት ሥራውን መልካም ለማድረግ ብቻውን አይበቃም። ቅዱስ ቶማስ አኲናስ እንዳስተማረው፣ የአንድ ተግባር መልካምነት የሚመዘነው በሚሠራው ነገር፣ በሚሠራበት ዓላማና በሚሠራበት ሁኔታ ነው፤ ከእነዚህ አንዱ ሲጎድል ተግባሩ ራሱ ይጎድላል። አሳብ ቀና ሆኖ ሳለ ሥራው ሊያነክስ ይችላል። ፍቅር ዓይን ያስፈልጋታል፤ ዓይኗም አስተዋይነት የተባለችው ምግባረ ሠናይ ናት።

እስቲ በአስተዋይነት ዓይን አንድ ምሳሌ እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ1998 መገባደጃ ሚች የተባለው ዐውሎ ነፋስ ሆንዱራስን በመታት ጊዜ ዝናሙ ተራራውን ናደ፤ ወንዞች ሞልተው መንደሮችን ጠረጉ፤ ብዙ ሺህ ሰዎች አለቁ። ከዚያ በኋላ የሰሜን አሜሪካ ክርስቲያኖች በቡድን በቡድን እየሆኑ ቤት ሊሠሩ መጡ። በዚያ አገር ለረጅም ጊዜ የኖሩት የሥነ ኅብረተሰብ ምሁር ኩርት ቨር ቢክ ቤታቸው በእንግዶቹ እጅ የተሠራላቸውን ቤተሰቦችና በአገሩ ሰዎች እጅ የተሠራላቸውን ቤተሰቦች ፈልገው አነጋገሩ። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመው ጥናታቸው እንደሚያሳየው፣ በሁለቱ ወገኖች መካከል በኑሮም ሆነ በመንፈሳዊ ሕይወት ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልተገኘም። ልዩነቱ በወጪው ላይ ነበር። አንድ የእንግዶች ቡድን የአየር ጉዞውን ጨምሮ 30,000 ዶላር ያህል ሲያወጣ፣ ያንኑ ዓይነት ቤት የአገሩ ሰዎች ሲሠሩት 2,000 ዶላር ያህል ይፈጅ ነበር። በዚህ ስሌት የአንዱ ቡድን ወጪ ዐሥራ አምስት ቤት ባሠራ ነበር፤ ከአደጋው በኋላ ሥራ ለፈታ የአገሩ ግንበኛም የዕለት እንጀራ በሆነው ነበር።

ሌላም አለ። አንዲት አሜሪካዊት ጸሐፊ እ.ኤ.አ. በ2014 በተማሪነቷ ዘመን ከትምህርት ቤቷ ጋር ወደ ታንዛኒያ ያደረገችውን ጉዞ አስታውሳ ጽፋ ነበር። ጉዞው የቤተ ክርስቲያን ጉዞ አልነበረም፤ ነገሩ ግን አንድ ነው። ልጃገረዶቹ ለቤተ መጻሕፍት ግንባታ ቀን የደረደሩትን ጡብ የአገሩ ሰዎች ሌሊት እያፈረሱ እንደ ገና ይሠሩት ነበር፤ እንግዶቹ ሲነቁ ምንም እንዳያውቁ። እነዚያን በጨለማ የሚለፉ ሰዎች እናስባቸው። ሕንፃውን ለመሥራት ቢሆን ኖሮ ቀኑ ይበቃቸው ነበር። በሌሊት የደከሙት የእንግዶቹ ልብ እንዳይሰበር ነው። ማን አገልጋይ፣ ማን ተገልጋይ እንደ ነበረ በዚያች ሌሊት ግልጽ ሆኖ ይታያል።

እዚህ ላይ ግን መጠንቀቅ አለብን። የወጪ ስሌት ብቻውን ወዴት እንደሚያደርስ ከወንጌል እናውቃለን። በቢታንያ ማርያም ውድ ሽቱ በጌታ እግር ላይ ባፈሰሰች ጊዜ ዋጋውን አስልቶ፣ ገንዘቡ ለድሆች ባለመሰጠቱ የነቀፈው ይሁዳ ነበር (ዮሐ. 12)። ፍቅር አንዳንድ ጊዜ ያባክናል፤ በማባከኑም አያፍርም። ስለዚህ ሠላሳ ሺህ ዶላር በዛ ማለት ብቻ የክርስቲያን ሙግት አይሆንም። ልንጠይቀው የሚገባን፣ ሽቱው በማን እግር ላይ ፈሰሰ? የሚለውን ነው። ማርያም ያፈሰሰችው በራሷ እግር ላይ አልነበረም።

የጉዞው ወዳጆች በዚህ ጊዜ፣ ፍሬው በወጣቶቹ ልብ ውስጥ ነው፤ ድህነትን በዓይናቸው አይተው ሌላ ሰው ሆነው ይመለሳሉ ይሉናል። ቨር ቢክ ይህንንም መርምረዋል። ከመቶ የሚበልጡ ተጓዦችን ጠይቀው ያገኙት፣ በጸሎት ሕይወታቸውና በምጽዋታቸው የታየው ዘላቂ ለውጥ ትንሽ መሆኑን ነው። ለውጡ ትልቅ ቢሆንስ? እንዲህ ከሆነ መንደሩ ትምህርት ቤት ሆነ ማለት ነው፤ ድሀውም መምህር። በአገራችን ልማድ ተማሪ ወደ የኔታ ሲሄድ ራሱን ዝቅ አድርጎ ነው፤ እንጨት ይለቅማል፣ ውኃ ይቀዳል፣ ከመምህሩ እግር ሥር ይቀመጣል። የአጭር ጊዜ ተላኪው ግን በሚማርበት ቦታ እንደ አስተማሪ ፊት ለፊት ይቆማል፤ በሚቀበልበት ቦታ ሰጪ ተብሎ ይመሰገናል። ነውሩ መቀበሉ አይደለም። የተቀበለውን ሰጠሁት ብሎ ወደ ቤቱ መመለሱ ነው።

ይህን ነገር አስቀድመው በብርቱ ቃል የተናገሩ ካህን ነበሩ። ኢቫን ኢሊች በሜክሲኮ በኩዌርናቫካ ከተማ ለውጭ አገር ልዑካን የማሠልጠኛ ማእከል ያቋቋሙ ሰው ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1968 በዕረፍታቸው ወራት በሜክሲኮ መንደሮች ለማገልገል ለተዘጋጁ የአሜሪካ ተማሪዎች በጉባኤያቸው ላይ ንግግር ሲያደርጉ፣ ልታዩና ልትማሩ ከሆነ ኑ፣ ልትረዱን ከሆነ ግን ቅሩ የሚል አሳብ አቀረቡላቸው። የመንደሩን ቋንቋ የማያውቅ ወጣት ስለ ራሱ የሚባለውን እንኳ መስማት አይችልም፤ ታዲያ ጉዳት ማድረሱን በምን ያውቃል? የሚል ነበር አንዱ ሙግታቸው። ንግግሩ ዛሬም ድረስ ይነበባል። በእኛ አመለካከት ኢሊች በምርመራቸው ትክክል ነበሩ፣ በመድኃኒታቸው ግን አንድ ነገር አጎደሉ። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1965 ስለ ሐዋርያዊ ተልእኮ ባወጣው ድንጋጌ ቤተ ክርስቲያን በባሕርይዋ ተላኪ መሆኗን አስተምሮናል። ከአጥር ወዲያ የማትሻገር ቤተ ክርስቲያን የላካትን ትረሳለች። እንግዲህ የሚቀረን እንዴት ትሂድ? የሚለው ነው።

ጌታችን ሰባ ሁለቱን አርድእት ሲልክ ያዘዛቸውን እናስተውል (ሉቃ. 10)። ስንቅ እንዲይዙ አላዘዛቸውም፤ እንዳይዙ አዘዛቸው። ኮረጆ የለም፣ ከረጢት የለም፣ ጫማ እንኳ የለም። ወደ ሰው ቤት ገብተው የቀረበላቸውን እንዲበሉ፣ ከቤት ወደ ቤት እንዳይዘዋወሩ ነገራቸው። ይህ ትእዛዝ ተላኪውን በመጀመሪያው ምሽት ተቀባይ ያደርገዋል። እራቱ በሰው እጅ ነው፣ መኝታው በሰው ፈቃድ ነው፤ የሚሰጠው ሰላምታና ወንጌል ብቻ ነው። እኛ የመሸበትን መንገደኛ የእግዚአብሔር እንግዳ ብለን ስንቀበል ያደግን ሰዎች ይህን ለመረዳት ሐተታ አያሻንም። ጌታ ራሱ በሲካር ጕድጓድ አጠገብ የሕይወትን ውኃ ሊሰጥ ተቀምጦ ሳለ፣ በቅድሚያ ከሳምራዊቷ ሴት የሚጠጣ ውኃ ለመነ (ዮሐ. 4)። ማድጋ የያዘችው እርሷ ናት። ከእርሷ በመለመኑ ሰጪ አደረጋት፤ ሰጪ የሆነች ሴት ደግሞ ቀና ብላ ትነጋገራለች፣ ትጠይቃለች፣ ትከራከራለች፤ በመጨረሻም ከተማዋን ትጠራለች። በሜክሲኮ ወይም በሆንዱራስ መንደር የሚያርፈው ወጣት ከሻንጣው ብዛት የተነሣ የሚለምነው ነገር ያጣል። ውኃውን እንኳ በጠርሙስ ይዞ ይመጣል። ይህን ስንል ለጤናው አይጠንቀቅ ማለታችን አይደለም፤ ማድጋዋን የያዘችው ሴት በዚህ አካሄድ የምትሰጠው ነገር እንደማይኖራት ልናሳይ ነው።

ለእኛ ቅርብ የሆነ ምስክርም አለን። አባቶቻችን አቡነ ያዕቆብ ብለው የጠሯቸው ቅዱስ ዮስጢኖስ ደ ያቆቢስ እ.ኤ.አ. በ1839 ወደ አገራችን ገብተው በዓድዋ ተቀመጡ። ለመስበክ አልቸኮሉም፤ ቋንቋውን ተማሩ፣ ጎረቤት ሆኑ። በ1841 ወደ ግብጽ ከሚሄዱ ኢትዮጵያውያን መልእክተኞች ጋር አብረው ተጓዙ፤ ከእነዚያም መካከል በኋላ በሰማዕትነት ያረፉት ብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤል ነበሩ። ከሁለቱ ማን መምህር፣ ማን ተማሪ እንደ ነበረ ለይቶ መናገር አስቸጋሪ ነው፤ አንዱ ከሌላው ተማረ። አቡነ ያዕቆብ ከሃያ ዓመት በኋላ፣ በ1860፣ በተላኩበት ምድር አረፉ። ሃያ ዓመትን ከሁለት ሳምንት ጋር ማወዳደር አግባብ አይደለም የሚለን ሰው እውነት አለው። ነገር ግን የቅዱሱ የመጀመሪያ ሁለት ሳምንታትም ነበሩ፤ እነዚያንም ያሳለፉት ግድግዳ በመቀባት አልነበረም።

እስካሁን ስለ ተላኪው ተናገርን። የተቀባዩም ዕዳ አለበት፤ ይህ ደግሞ እኛን ይመለከታል። ይሉኝታ የሚባል ነገር አለን። የማያስፈልገንን ስጦታ አመስግነን እንቀበላለን፣ የተጣመመውን ግድግዳ እሰየው እንላለን፣ በማግስቱ እናፈርሰዋለን። እንግዳን ማክበር አንድ ነገር ነው፤ እውነትን መንፈግ ሌላ ነገር ነው። ለዐሥራ ስድስት ዓመቱ ልጅ ይህ ሥራ የአንተ አይደለም፣ ና ከእኛ ጋር ተቀመጥ ብሎ የሚነግረው ባለቤት ቢያገኝ፣ ከጉዞው ሁሉ ያን አንድ ቀን ሳይረሳ ይኖራል ብለን እናምናለን። በዝምታችን ግን ሰጪነቱን ብቻ ይዞ ይመለሳል፤ እኛም ልመናን ለልጆቻችን እናወርሳለን።

በተለይ ሁለት ነገሮች ያሳስቡናል። አንደኛው የሙት ልጆች ማሳደጊያ ጉዳይ ነው። በየሳምንቱ አዲስ እንግዳ የሚያቅፈውና የሚሰናበተው ሕፃን፣ መወደድ ማለት መተው ማለት እንደ ሆነ ይማራል። በብዙ አገሮች በማሳደጊያ ከሚኖሩት ልጆች አብዛኞቹ ቢያንስ አንድ ወላጅ በሕይወት እንዳላቸው የታወቀ ነው፤ እንግዶች የሚያፈሱት ገንዘብ ሕፃኑን ከእናቱ ቤት ይልቅ በማሳደጊያው ለማቆየት ምክንያት እስከ መሆን ደርሷል። በዚህ ላይ ብዙ ማለት አያሻንም፤ ለጥቂት ቀን የሚመጡ ወጣቶች ወደ ሕፃናት ማሳደጊያ መግባት የለባቸውም።

ሁለተኛው የትምህርተ ክርስቶስ መምህር ጉዳይ ነው። ዓመቱን ሙሉ በዝናምም በፀሐይም በእግሩ እየተጓዘ ሕፃናቱን ያስተማረ ሰው፣ እንግዶች በመጡበት ሳምንት ወደ ጥግ ይገፋል። ፊኛና ከረሜላ የያዙ ልጆች በእርሱ ቦታ ይቆማሉ፤ እርሱም ቢበዛ አስተርጓሚ ይሆናል። ሕፃናቱ ያን ሳምንት የሚማሩት ከመዝሙሩ ቃል ይልቅ ይህን ነው፦ እምነት በአውሮፕላን የሚመጣ ነገር ነው፣ የእኛ መምህር የዋናው ሰው ምትክ ነው። እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ በሚመጣው እሑድ ያ መምህር ከረሜላ ሳይዝ በእነዚያው ሕፃናት ፊት ይቆማል።

ስለዚህ ቁምስናችሁ እንግዶች እንዲቀበል ደብዳቤ ሲደርሰው፣ ቆሞሱንና የቁምስናውን ምክር ቤት ልትጠይቁ የሚገባው ስንት አልጋ እንደሚያስፈልግ ብቻ አይደለም። በዚያ ሳምንት ትምህርቱን ማን ያስተምራል? ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ፣ እንደ ወትሮው መምህሩ ያስተምራል የሚል ይሁን። እንግዶቹ ወጣቶች ከሕፃናቱ ጋር በአንድ አግዳሚ ወንበር ይቀመጡ፤ የቡና ጊዜ ሲደርስ ቡናውን ያፍሉ፣ ካልቻሉም ከሚያውቁት ይማሩ። አስተርጓሚው ደግሞ ከሰሌዳው አጠገብ አይቁም። ከእንግዶቹ መካከል ገብቶ ይቀመጥ፣ መምህሩ የሚናገረውንም በጆሯቸው ይንገራቸው።