እንግዳን ማሰናበት ኃጢአት ነውን?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በዚህ በዐቢይ ጾም ስለ እንግዳ ሲነገር የምንሰማው ሁልጊዜ «ተቀበሉ» የሚል ነው። ትክክል ነው። ነቢዩ ኢሳይያስ እግዚአብሔር የሚወደውን ጾም ሲናገር ማደሪያ ያጣውን ድኻ ወደ ቤት ማስገባትን ከጾሙ ጋር አንድ አድርጎ ቆጥሮታል (ኢሳ. 58፥7)። ጌታችንም በፍርድ ቀን ከሚጠይቀን አንዱ ይኸው ነው (ማቴ. 25፥35)። አባቶቻችን መንገደኛ ከደጅ ቆሞ «የመሸብኝ የእግዚአብሔር እንግዳ ነኝ» ሲላቸው «ቤት የእግዚአብሔር ነው» ብለው አስገብተው፥ እግሩን አጥበው፥ መደባቸውን ለቀውለት እነርሱ መሬት ያድሩ ነበር።

እኔ ግን የማነሣው ብዙ ሰው ለንስሐ አባቱ እንኳ መናገር የሚያፍርበትን ጥያቄ ነው። እንግዳው አልሄድ ቢልስ?

በምሳሌ እንየው። እህቴ፥ ባልሽ አርፏል፤ ሁለት ልጆች ይዘሽ አዲስ አበባ በአንዲት ክፍል ቤት ትኖሪያለሽ እንበል። የባልሽ የአክስት ልጅ «ሥራ እስካገኝ፥ ለሁለት ሳምንት» ብሎ ከክፍለ ሀገር መጣ። ይኸው ሁለተኛ ፋሲካው ደረሰ። ጤነኛ ነው፥ ጉልበት አለው። አልጋው የእሱ ሆኗል፤ ልጆችሽ መሬት ፍራሽ ላይ ይተኛሉ። ጠጥቶ ያመሸ ቀን በር እየደበደበ ይገባል። ትልቋ ልጅሽ እሱ ባለበት ልብሷን መቀየር አፍራ ጎረቤት ቤት ትሄዳለች። አንቺም «የባሏን ዘመድ አባረረች ይሉኛል» ብለሽ ዝም ብለሻል።

ዝም ብለሻል አልኩ እንጂ እውነቱን ለመናገር ዝም አላልሽም። ወጥ ስትጨልፊ ታጉረመርሚያለሽ። ይግባው ብለሽ ሣህኑን ታጋጪያለሽ። ቡና ላይ ታሚዋለሽ፥ ሲመጣ ደግሞ «ና ግባ፥ ብላ» ትይዋለሽ። ቅዱስ ጴጥሮስ እንግዳ ስንቀበል ማጉረምረም እንዳይኖርበት ያዘዘው (1ጴጥ. 4፥9) የሰውን ጠባይ አውቆ ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ሳትቀምሽ ውለሽ፥ ቀኑን ሙሉ በልብሽ «ምነው በሞተ» ስትይ ከዋልሽ ያ ምን ዓይነት ጾም ነው? እሱስ ቢሆን በጥላቻ የቀረበለትን እንጀራ አያውቀውም እንዴ? ያውቀዋል። መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 29 በሰው ቤት መኖር እንዴት ያለ ውርደት እንዳለው በዝርዝር ይናገራል። መጽሐፈ ምሳሌም እግር ከባልንጀራ ቤት ካልራቀ መጠላትን እንደሚያመጣ አስቀድሞ ነግሮናል (ምሳ. 25፥17)።

ስለዚህ የእኔ መልስ፥ «ሂድ» ማለት በራሱ ኃጢአት አይደለም የሚል ነው። ፊት ለፊት «እስከዚህ ቀን ድረስ ቤት ፈልግ» ማለት ከዓመት ሐሜት ይሻላል።

እዚህ ላይ ግን እንጠንቀቅ። ለሐኪም ቀጠሮ የመጣ ሕመምተኛ፥ ጧሪ ያጣች አሮጊት፥ አርግዛ ከቤት የተባረረች ልጅ ቢሆኑስ? እኔ ስለ እነርሱ አልጻፍኩም። እነርሱን ለማስወጣት ይህን ጽሑፍ የሚጠቅስ ቢኖር እኔ የለሁበትም። አብሮህ ወራሽ የሆነውን ወንድምህንም «እንግዳ» ብለህ ከአባታችሁ ቤት አታስወጣው፤ ያ የውርስ ጉዳይ ነው፥ ስሙን ስለቀየርከው አይለወጥም።

ሠርቶ መብላት ስለሚችለው ግን ቅዱስ ጳውሎስ ለተሰሎንቄ ሰዎች የጻፈው ግልጽ ነው፤ ሊሠራ የማይወድ አይብላ ይላል። ዝቅ ብሎም እንዲህ ያለውን ሰው እንደ ወንድም ገሥጹት እንጂ እንደ ጠላት አትቁጠሩት ብሏል (2ተሰ. 3፥10-15)። ይችኛዋን ብዙዎቻችን እንዘላታለን። ዲዳኬ የሚባለው ጥንታዊ የትምህርተ ሐዋርያት መጽሐፍም መንገደኛን ተቀበሉ ካለ በኋላ ከሁለት ወይም ከሦስት ቀን በላይ እንዳይቀመጥ፥ መኖር ከፈለገ ግን ሠርቶ እንዲበላ ያዝዛል።

እንግዳ በመቀበል ከአብርሃም የሚበልጥ ማንን እንጠራለን? እሱ እኮ የወንድሙን ልጅ ሎጥን አሰናብቷል። ምድሪቱ አልበቃቻቸው ስትል፥ እረኞቻቸውም ሲጣሉ፥ ጠቡ ወደ እነርሱ ሳይደርስ «ወንድማማች ነንና እንለያይ» የሚለውን አሳብ ያመጣው አብርሃም ነው። የፈለገውን አገር እንዲመርጥም ቅድሚያውን ለሎጥ ሰጠው (ዘፍ. 13)። ኋላ ሎጥ በተማረከ ጊዜ «ድሮም አስቸግሮኝ ነበር» አላለም፤ 318 ሰዎች አስከትሎ እስከ ዳን ድረስ ሄዶ አስመለሰው (ዘፍ. 14፥14)። የኒቅያ አባቶችን ቁጥር የምታውቁ ይህቺን ቁጥር ልብ በሉልኝ። አብረው እየኖሩ ቢጣሉ ኖሮ አብርሃም ያን ሁሉ መንገድ ለሎጥ ብሎ ይሄድ ነበር ወይ?

እሺ፥ ተነግሮት «አልወጣም» ቢልስ? ወንድሜ፥ «በገዛ ቤቴ ማን ይከለክለኛል» ብለህ ሌሊት ቁልፍ ቀይረህ፥ ሻንጣውን ከደጅ ወርውረህ፥ የሰፈር ጎረምሳ ጠርተህ አታስወጣው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1148 ባለይዞታ በኃይል እንዲከላከል የሚፈቅደው ይዞታው ሲነጠቅ ወዲያውኑ ነው፥ ያውም ከልክ ሳያልፍ። አንተው አስገብተህ ዓመት ያበላኸው ሰው ድንገት የመጣ ቀማኛ አይደለም። ደብድበህ ብታስወጣው ተከሳሹ አንተ ነህ።

መንገዱን ጌታ አሳይቶናል፤ መጀመሪያ ብቻህን፥ ቀጥሎ ሁለት ወይም ሦስት ሰው ይዘህ፥ ከዚያ ለቤተ ክርስቲያን (ማቴ. 18፥15-17)። ቀኑን ቆርጠህ ንገረው፤ በጽሑፍ ቢሆን፥ ምስክር ቢኖር ይመረጣል። ሽማግሌ ላክበት፥ ንስሐ አባቱን ጥራ። ይህ ሁሉ ካልሆነ ፍርድ ቤት መሄድ ነውር አይደለም። ቅዱስ ጳውሎስ የቆሮንቶስን ሰዎች የገሠጸው በመካከላቸው አስታራቂ ጠቢብ እያለ ወደ ውጭ በመሮጣቸው ነው (1ቆሮ. 6፥5-6)፤ እሱ ራሱ ሲገፋ ወደ ቄሣር ይግባኝ ብሏል (ሐዋ. 25፥11)። በሕጋችን «ሁከት ይወገድልኝ» የሚባለው ክስ በቁጥር 1149 ይገኛል፤ ሁከቱ ከተጀመረ በሁለት ዓመት ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳልና «ነገ ይሄዳል» እያሉ ማቆየት ያስጎዳል። የቤቱ ባለቤት ከሆንክ ደግሞ ቁጥር 1206 ንብረትህን ያለ መብት ከያዘው ሰው እንድትጠይቅ ይፈቅድልሃል። በየወሩ ትንሽም ቢሆን ብር ትቀበለው ከነበረ ግን ነገሩ ወደ ኪራይ ሊሄድ ይችላል። የ2016ቱ የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ (ቁጥር 1320) የኪራይ ውል ከሁለት ዓመት ያነሰ እንዳይሆን ደንግጓልና መጀመሪያ የሕግ ሰው ጠይቅ።

ምኩራብ በምንለው በጾሙ ሦስተኛ እሑድ የሚነበበውን ጠቅሶ «ጌታም በጅራፍ አስወጥቷል» የሚለኝ አይጠፋም። የዮሐንስን ወንጌል ረጋ ብለህ አንብበው። ገንዘቡን በትኗል፥ ገበታውን ገልብጧል። ርግብ ሻጮቹን ግን አውጡ ብሎ ነገራቸው እንጂ ርግቦቹን አልበተነባቸውም (ዮሐ. 2፥14-16)። እሱ ደግሞ የአባቱ ቤት ነው። እኔና አንተ የተሰጠን አፍ ነው፥ ጅራፍ አይደለም።

እህቴ፥ «ፋሲካ ቀርቧል፥ እስከዚያስ ይቆይ ወይ?» ትዪኝ ይሆናል። ልጅሽ የምትሸሸው እሱን ፈርታ ከሆነ አንድ ሌሊት አትጨምሪ፤ ዛሬውኑ ሽማግሌ ጥሪ፥ ልጅሽን አስቀድሚ። ስንፍናው ብቻ ከሆነ ግን ከልጆችሽ ጋር ጾሙን ይፍታ፥ ቀኑንም አሁኑኑ ንገሪው፤ በማግሥቱ ስንቁን ቋጥረሽ፥ የትራንስፖርቱን ብር በእጁ አስይዘሽ እስከ መኪናው ሸኚው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።