ቀድሞ የተገኘ ምክንያት

ኦቲዝም ያለበት፣ በአፉ የማይናገር የሠላሳ ዓመት ጎልማሳ ከጥቂት ሳምንታት ወዲህ ጭንቅላቱን ከግድግዳ ጋር ማላተም ጀመረ እንበል። እናቱ ሐኪም ዘንድ ትወስደዋለች። ሐኪሙ ካርዱን ገልጦ «ኦቲዝም» የሚለውን ያነብና «ይሄ እንግዲህ የኦቲዝሙ ጠባይ ነው» ብሎ የሚያረጋጋ መድኃኒት ያዝዛል። ሰውየው ይረጋጋል። ጥርሱ ሥር የቋጠረው መግል ግን እንዳለ ነው።

ይህ ሐኪም አልዋሸም። ራስን መምታት ኦቲዝም ባለባቸው ሰዎች ላይ በእርግጥ ይታያል፤ መድኃኒቱም የታዘዘለትን ሠርቷል። ሰነፍ ወይም ጨካኝ የምንልበት ማስረጃም የለንም። ምልክት አየ፣ ከሚያውቀው ጋር አገናኘ፣ ደመደመ፤ ሐኪሞች በየቀኑ የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። ታዲያ የተሳሳተው የቱ ላይ ነው? ምክንያቱ ከምርመራው ቀድሞ ተገኘለት። መልስ በእጁ ያለ ሰው ደግሞ አይጠይቅም። የእድገት ውስንነት ላለባቸው ሰዎች ከልጅነት እስከ እርጅና የሚሰጠው ሕክምና የሚጎድለው ብዙ ነው፤ ከብዙዎቹ ጉድለቶች ሥር ግን ይህ ቀድሞ የተገኘ ምክንያት አለ እላለሁ።

እ.ኤ.አ. በ1982 አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ምሁር ስቲቨን ራይስና ባልደረቦቹ ከባድ ፍርሃት ስላደረበት አንድ ሰው የሚተርክ ጽሑፍ ለሙያ አጋሮቻቸው ሰጡ። ታሪኩ ለሁሉም አንድ ነው፤ ለከፊሎቹ ግን ሰውየው የአእምሮ እድገት ውስንነት እንዳለበት ተነገራቸው። እነዚህኞቹ ፍርሃቱን ራሱን የቻለ ሕመም አድርገው የመቁጠር ዝንባሌያቸው ቀነሰ። ፍርሃቱ ያው ነው፤ የተለወጠው ስለ ሰውየው የተነገራቸው ነገር ነበር።

ወረቀት ላይ የታየው ነገር በሆስፒታል ውስጥ ሕይወት ያስከፍላል። በእንግሊዝ የብሪስቶል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የአእምሮ እድገት ውስንነት የነበረባቸውን የ247 ሰዎች አሟሟት አንድ በአንድ መርምረው ውጤቱን በ2013 ይፋ አደረጉ። ወንዶቹ ከሌላው ሕዝብ በአማካይ 13 ዓመት፣ ሴቶቹ 20 ዓመት ቀድመው ይሞታሉ። በጥሩ ሕክምና ሊቀሩ በሚችሉ ምክንያቶች የሞቱት ከመካከላቸው 37 በመቶ ነበሩ፤ በጠቅላላው ሕዝብ ዘንድ ይኸው መጠን 13 በመቶ ነው። ይህ የሆነው ሐኪም ዘንድ ለመቅረብ ገንዘብ በማይጠየቅበት አገር መሆኑን ልብ ይሏል። ክፍያ ስለቀረ ብቻ ሰው ታከመ ማለት አይቻልም።

ስለ አንድ ሰው ስንናገር ምን እንደሆነ የምንገልጽበት ጊዜ አለ፤ ምን እንደደረሰበት የምንገልጽበትም ጊዜ አለ። «ዳውን ሲንድረም አለው» የሚለው ገና ከመወለዱ በፊት ጀምሮ አብሮት ያለውን ነገር ይነግረናል። «ካለፈው ወር ወዲህ እህል አልቀምስ አለ» የሚለው ግን የደረሰበትን ነው። ሠላሳ ዓመት ሳይለወጥ አብሮት የኖረ ነገር ባለፈው ወር የመጣን ለውጥ ብቻውን ሊያስረዳ አይችልም። ትናንትም የነበረ፣ ዛሬም ያለ ነገር «ዛሬ ምን ተፈጠረ?» ለሚለው ጥያቄ እንዴት መልስ ይሆናል? «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» የሚለው ተረታችን እንኳ አንዱ ሕመም ሌላውን እንደማያስቀር ያውቃል።

ነገሩ የሚከብደው ግን ተፈጥሮና ሕመም ሲመሳሰሉ ነው። ዳውን ሲንድረም ባለባቸው ሰዎች ላይ የታይሮይድ ዕጢ መድከም ከሌላው ሰው ይልቅ በብዛት ይከሰታል። ምልክቶቹ ዝለት፣ እንቅልፍ ማብዛት፣ የክብደት መጨመር፣ የሆድ ድርቀት፣ የሐሳብና የእንቅስቃሴ መዘግየት ናቸው። ብዙ ሰው ታዲያ እነዚህን ሲያይ «ድሮስ እንዲህ አይደሉ?» ይላል። በሽታው ሲመጣ ሰዎች አስቀድመው የጠበቁትን መልክ ይዞ ስለሚመጣ የሚያስተውለው የለም። አንድ የደም ምርመራ ይለየዋል፤ በየቀኑ የሚዋጥ ክኒን ያስተካክለዋል። ምርመራውን የሚያዝ ሰው ግን አስቀድሞ መጠራጠር አለበት።

እዚህ ላይ ስለ ጤና ያለን ሐሳብ ራሱ ይፈተናል። «ደኅና ነው» ወይም «ታሟል» የምንለው ከማን ጋር አስተያይተን ነው? ከአማካዩ ሰው ጋር ካስተያየነው ይህ ሰው ሁልጊዜ በሽተኛ ይሆናል፤ ሁልጊዜ በሽተኛ የሆነ ሰው ደግሞ ዛሬ ቢታመም አይታወቅበትም። ዳውን ሲንድረም ካለበት አማካይ ሰው ጋር ካስተያየነውም ታይሮይዱ ሊያመልጠን ይችላል። የሚያስኬደው መለኪያ ትናንት የነበረው እሱ ራሱ ነው። ባለፈው ዓመት ሙዚቃ ሲሰማ ይነሣ የነበረ ሰው ዘንድሮ ካልተነሣ፣ ያ ለውጥ ትኩሳትን ያህል የሕክምና መረጃ ነው። ችግሩ ይህን መረጃ የያዘችው እናት ወይም እኅት እንጂ ላቦራቶሪው አለመሆኑ ነው። በእንግሊዝ ሆስፒታሎች ሕመምተኛው ይዞት የሚመጣ «የሆስፒታል ፓስፖርት» የሚባል ጽሑፍ የተለመደው ለዚህ ነው። ሲያመኝ እንዲህ እሆናለሁ፣ ይህ ያስፈራኛል፣ እንዲህ ሲያናግሩኝ ይገባኛል የሚል ነው። ቀላል ወረቀት ይመስላል፤ ይሁንና ሐኪሙ ጋ የሌለ እውቀት ቤተሰቡ ጋ እንዳለ የሚመሰክር ሰነድ ነው።

በአፉ የማይናገር ሰው ሕመም እንዴት ይታመናል? ሕክምና በዚህ ጥያቄ ላይ ያለው ታሪክ የሚያኮራ አይደለም። እስከ 1980ዎቹ አጋማሽ ድረስ አራስ ሕፃናት በቂ ማደንዘዣ ሳይሰጣቸው ቀዶ ሕክምና ይደረግላቸው ነበር፤ ከምክንያቶቹ አንዱ የሕመም ስሜታቸው ገና አልዳበረም የሚል እምነት ነው። ይህ የተለወጠው እነ ካንዋልጂት አናንድ በአራሶች ላይ ያደረጉትን ጥናት በ1987 አካባቢ ካወጡ በኋላ ነው። ሕፃናቱ እኮ ያለቅሱ ነበር። ልቅሶው ግን አስቀድሞ ተተርጉሞ አልቋል። ዓለም አቀፉ የሕመም ጥናት ማኅበር በ2020 የሕመምን ብያኔ ሲያሻሽል ሕመም የሚገለጽበት መንገድ ንግግር ብቻ እንዳልሆነ፣ መናገር አለመቻልም ሕመም የለም እንደማያሰኝ በማብራሪያው አስፍሯል። ያ ጎልማሳ ጭንቅላቱን ሲያላትም እየነገረን ነበር ማለት ነው።

ቀድሞ የተገኘው ምክንያት የሚያጠፋው ምርመራን ብቻ አይደለም። «ተፈጥሮው ነው» ከማለት አልፎ «ቢድንስ ምን ይሆናል?» ወደማለት የሚወስደው መንገድ አጭር ነው። የአሜሪካዋ የኦሪገን ግዛት ለድኾች የሚሰጠውን ሕክምና በቅደም ተከተል ለማስቀመጥ ባወጣችው ዕቅድ ላይ ሰዎች የተለያዩ የጤና ሁኔታዎችን እንዴት እንደሚመዝኑ በስልክ የተሰበሰበ አስተያየት ገብቶ ነበር። በ1992 የፌዴራሉ መንግሥት ዕቅዱን የአካል ጉዳተኞችን ሕግ ይጋፋል ብሎ መለሰው፤ ያለ ጉዳት የሚኖር ሰው የጉዳተኛውን ሕይወት ሲገምት ዝቅ አድርጎ ነውና የሚያየው። የኮሮና ወረርሽኝ በጀመረበት በመጋቢት 2020 ደግሞ የእንግሊዝ መመሪያ አውጪ ተቋም ለጽኑ ሕክምና ውሳኔ አቅመ ደካማነትን የሚለካ ሚዛን አቀረበ። በሚዛኑ ዕለታዊ ሥራውን ለመሥራት ረዳት የሚያስፈልገው ሰው ወደ ደካሞቹ ይመደባል። ኦቲዝም ያለበት ጤነኛ የሃያ ዓመት ወጣት ልብሱን በሰው እርዳታ ስለሚለብስ ብቻ ከአቅመ ደካማ አዛውንት ጋር ሊቆጠር ሆነ። ቤተሰቦችና ማኅበራት ጮኹ፤ ተቋሙም በቀናት ውስጥ ሚዛኑ እንደነዚህ ባሉ ሰዎች ላይ እንዳይሠራበት አስተካከለ። በሁለቱም ቦታ ክፉ ሐሳብ ያለው ሰው መፈለግ አያስፈልግም። አንዱ ዓይነት ጥገኝነት በሌላው ተተረጎመ፤ ያም በቁጥር ስለቀረበ ያወጡት ሰዎች አልተጠራጠሩትም።

ጥገኝነትን የሰው ልጅ ጉድለት አድርጎ ማየት ግን ዕድሜን በሙሉ አለማየት ነው። ፈላስፋው አላስዴር ማኪንታይር በ1999 ባሳተመው መጽሐፍ የሥነ ምግባር ፍልስፍና ሕመምተኛውንና ጉዳተኛውን «እነሱ» እያለ ሲጠቅስ መኖሩን ይወቅሳል። ሁላችንም በሰው እጅ ነው ያደግነው፤ ብዙዎቻችን በሰው እጅ እንጦራለን። ራሱን የቻለ ጎልማሳ በአንድ ዕድሜ መካከል ያለ ምዕራፍ ነው። ከባድ የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባት ልጅ ያላት ፈላስፋ ኢቫ ፌደር ኪቴይም በልጇ ሕይወት ውስጥ ያየችውን ፍቅርና ደስታ ይዛ፣ የሰውን ክብር በማሰብ ችሎታ ብቻ የሚመዝነውን አስተሳሰብ ስትሞግት ኖራለች።

ሕክምናው ራሱ እነዚህ ሰዎች ረጅም ዕድሜ ይኖራሉ ብሎ አልጠበቀም። ዳውን ሲንድረም ካላቸው ሕፃናት ግማሽ ያህሉ ከልብ ችግር ጋር ይወለዳሉ፤ ቀደም ባለው ጊዜ የልብ ቀዶ ሕክምናው ብዙዎቹ ጋ አይደርስም ነበር። በአሜሪካ ዳውን ሲንድረም የነበረባቸው ሟቾች አማካይ ዕድሜ በ1983 ወደ 25 ዓመት ነበር፤ በ1997 ወደ 49 ከፍ አለ። ዛሬ ስድሳን የሚያዩ ብዙ ናቸው። የሕፃናት ሐኪሞች የተሳካ ሥራ ሠሩ፤ ያዳኗቸው ልጆች ግን አድገው ማን ይቀበላቸዋል? የአዋቂ ሐኪሙ ስለ ዳውን ሲንድረም በተማሪነቱ የሰማው ከሕፃናት ሕክምና ጋር ነው። ከዕድሜው ጋር የሚመጣም አዲስ ነገር አለ። የአልዛይመር በሽታ ከሚያያዝባቸው ዘረመሎች አንዱ በ21ኛው ክሮሞሶም ላይ ስለሚገኝ፣ ክሮሞሶሙ ሦስት የሆነባቸው፣ ማለትም ዳውን ሲንድረም ያለባቸው ሰዎች በሽታው በብዛትና ቀድሞ ያገኛቸዋል። የአርባ አምስት ዓመት ሰው ግን ክሊኒክ ሲገባ «ማሙሽ» ይባላል፤ ስለ እሱ የሚጠየቁት ሰባ የሞላቸው እናቱ ናቸው። ልጅ ነው ተብሎ የታሰበ ሰው ሲያረጅ አይታይም፤ ያላረጀ ሰው ደግሞ የእርጅና ምርመራ አይታዘዝለትም። እናቱ ሲያልፉ ደግሞ የትናንቱን እሱን የሚያውቀው ሰው አብሮ ያልፋል።

በአገራችን ቀድሞ የሚገኘው ምክንያት ሌላ ስም አለው፤ እርግማን ነው፣ የወላጅ ኃጢአት ነው፣ ቡዳ በልቶት ነው ይባላል። ሳይንሳዊ ስም ያለው ምክንያትና ይህኛው የሰማይና የምድር ያህል የተራራቁ ይመስላሉ። ሥራቸው ግን አንድ ነው፤ ሁለቱም ጥያቄውን ያስቆማሉ። ልዩነቱ የኛው ልጁን ከቤት እንዳይወጣ ማድረጉ ነው። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ እ.ኤ.አ. በ2002 ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን አዲስ አበባ ላይ ሲመሠርቱ ትግላቸው ከዚህ መደበቅ ጋርም ነበር።

«ጤነኛው ሰው ሐኪም ባላገኘበት አገር ይሄ ቅንጦት አይሆንም?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ንቀት የለበትም፤ ለአንዱ የሚጨመር ደቂቃ ተራ ከሚጠብቀው ይቀነሳል። ሆኖም የሚያስፈልገው አብዛኛው ነገር ውድ መሣሪያ አይደለም። ጥርስን ማየት፣ ጆሮን ማየት፣ ሆዱ ደርቆ እንደሆነ መጠየቅ፣ «ከመቼ ጀምሮ?» ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ደግሞ ብዙ ሀብታም አገሮች የሌላቸውን ነገር ይዟል፤ ቤት ለቤት የምትሄድ ባለሙያ የተደበቀውንም ልጅ ልታገኘው ትችላለች። የዓለም ጤና ድርጅት ለወላጆችና ለአሳዳጊዎች ያዘጋጀው ሥልጠናም ከኢትዮጵያ ሁኔታ ጋር ተስማምቶ ተሞክሯል። ሥልጠናው ግን በልጅነት ላይ ያተኩራል፤ ያ ልጅ ሠላሳ ሲሞላው ቤቱን የምታንኳኳው ባለሙያ ስለ እሱ ምን እንድትጠይቅ ተምራለች?

የበለጠ የሚከብደኝ ተቃውሞ ከሌላ ወገን ይመጣል። ለውጥ በታየ ቁጥር ሁሉ መመርመር ራሱ ጉዳት አለው። መርፌ የሚፈራን ሰው አራት ሆኖ ይዞ ደም መቅዳት ሕክምና ተብሎ የሚፈጸም ዓመፅ ሊሆን ይችላል። አንዳንዴም ጠባዩ በእርግጥ ከኦቲዝሙ ነው፤ ድምፅና ብርሃን ስለበዛበት ነው። የእናትየዋ ምስክርነትም ቢሆን የሰውየውን የራሱን ድምፅ ሊተካ አይገባም፤ እንደ አቅሙ «እሺ» ወይም «እምቢ» የሚልበት መንገድ ይፈለግለት። ስለዚህ የምለው «ተፈጥሮው ነው» የሚለው መልስ ፈጽሞ አይነሣ አይደለም። ተራው የመጨረሻ ይሁን ነው።

ይህን ወደ ሥራ የሚያወርዱት ሁለት ጥያቄዎች ናቸው። አንደኛው፦ ይህ ሰው የእድገት ውስንነት ባይኖርበት ኖሮ ዛሬ ምን እንመረምርለት ነበር? ይህ ከሌላው ሰው እኩል ያደርገዋል። ብቻውን ግን አይበቃም፤ የታይሮይድ ምርመራ ሳያመውም በየጊዜው የሚያስፈልገው ሰው አለና። ስለዚህ ሁለተኛው፦ ይህ ውስንነት ስላለበትስ ምን ጨምረን መመርመር አለብን? አንዱ ልዩነቱን እንድንረሳ፣ ሌላው እንድናስታውስ ስለሚያስገድዱን የሚጋጩ ይመስላሉ። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2010 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነት በ25ኛው አንቀጹ ሁለቱንም አንድ ላይ ይጠይቃል፤ ከሌላው ሰው ጋር እኩል የሆነ ሕክምናና በጉዳቱ ምክንያት ብቻ የሚያስፈልግ ተጨማሪ አገልግሎት። እኩልነት ማለት ሁለቱን ጥያቄዎች ለአንድ ሰው፣ በአንድ ቀጠሮ፣ በስድስት ወሩም በስድሳ ዓመቱም መጠየቅ ከሆነ፣ ያን ጎልማሳ ያየው ሐኪም አንዱንም አልጠየቀም።