ሙቀቱን ተኝተሽ አታሳልፊው

ነይ ልጄ፣ አረፍ በይ። በራጅም በደምም ምንም አልተገኘብሽም ማለት ሕመምሽ ውሸት ነው ማለት አይደለም። ፋይብሮማያልጂያ በራጅ አይታይም። ነርቭ መጠኑን ሲስት ለሌላው ሰው ዳበሳ የሆነውን ለአንቺ ቡጢ አድርጎ ለአንጎልሽ ያደርሰዋል። ከሦስት ወር በላይ የዘለቀ የመላ ሰውነት ሕመም፣ ተኝተሽበት የማያሳርፍ እንቅልፍ፣ የሐሳብ መደናገር፤ ይህ ሁሉ ሐኪሞች በስሙ የሚያውቁት በሽታ ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላልና ለባልሽም ለአለቃሽም ስሙን ጠርተሽ ንገሪያቸው።

ስለ ሙቀት ጠየቅሽኝ። ጥሩ ነገር ነው። እቴጌ ጣይቱ በ1879 ዓ.ም. ከእንጦጦ ወርደው ፍልውኃ አጠገብ ቤት እንዲሠራ የወደዱት፣ ሰዉም ወደ ሶደሬና ወደ ወንዶ ገነት የሚጓዘው ያለ ነገር አይደለም። ቆዳ ሲሞቅ የደም ሥር ይሰፋል፣ የተኮማተረ ጡንቻ ይላላል፣ ሙቀቱን የሚያሰማው ነርቭም የሕመሙን ወሬ ለጊዜው ይሸፍነዋል። በጃፓን «ዋኦን» የሚሉት ሕክምና አለ፤ ሕመምተኛው 60 ዲግሪ በሆነ ደረቅ የሙቀት ክፍል 15 ደቂቃ ይቀመጥና፣ ወጥቶ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ 30 ደቂቃ ያርፋል። የተሞከረባቸው ሰዎች ጥቂት ቢሆኑም ሕመማቸው ቀሎላቸዋል።

ነገር ግን «ለጊዜው» ያልኩሽን ያዢልኝ። አንድ እጅ ብቻውን አያጨበጭብም። የአውሮፓ የሩማቲዝም ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ2016 ባደሱት መመሪያ አጥብቀው የመከሩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እንቅስቃሴ። በሙቅ ውሃ መታከምንም ይደግፋሉ፣ ግን እንደዚያ አጥብቀው አይደለም። ስለዚህ ከሙቀቱ የምታገኚውን እፎይታ አልጋ ላይ አትጨርሺው። ሰውነትሽ በላላበት በዚያች ሰዓት እጅና እግርሽን አፍታቺ፣ ተራመጂ። እኔ የሙቀት ትልቁ ጥቅም ይህ ይመስለኛል፤ በብርድ የማይደፈረውን እርምጃ ያስደፍራል።

ማርም ሲበዛ ይመራል። በላስቲክ የተሞላ ሙቅ ውሃ ስትይዢ በፎጣ ጠቅልይው፣ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይበቃል፤ እንቅልፍ ሲመጣብሽ አንሺው። ለገላሽ የምታዘጋጂው ውሃ ክንድሽን ነክረሽ ሳትሸሺ የምትቆዪበት ይሁን። ከእንፋሎት ስትወጪ ቀስ ብለሽ ተነሺ፣ ውሃ ጠጪ። ካረገዝሽ፣ ልብሽን ካመመሽ ወይም የደም ግፊትሽ ዝቅተኛ ከሆነ ሐኪምሽን ሳትጠይቂ አትግቢ። ስኳር ይዞት እግሩ የደነዘዘ ሰው ሲቃጠል እንኳ አይሰማውም። የወይባ ጭስ ስትሞቂም በር ዘግተሽ ከከሰል ጋር አትቀመጪ፤ የከሰል ጢስ ሳይታወቅ ይገድላል፣ በዚህ አልቀልድም። ደግሞ ሙቀት የሚያባብስበት ሕመምተኛም አለ፤ ካባሰብሽ ተይው፣ ጎረቤትሽ ስለዳነች ብለሽ አትታገዪ።

ሐኪሙ ማታ ማታ የሚዋጥ አሚትሪፕቲሊን ካዘዘልሽ በሙቀት ተክቼዋለሁ ብለሽ አትጣዪው።

ሕመሙ ቀለል ባለ ቀን የሳምንቱን ልብስ ሁሉ ልጠብ እንደምትዪ አውቃለሁ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች፤ ማግስቱን አልጋ ላይ ትውያለሽ። እንቁላልም በእግሩ የሚሄደው ቀስ በቀስ ነው። ነገ ታጥበሽ ስትወጪ እስከ ደጁ ሄደሽ ተመለሺ፤ ሳምንቱን እንዲሁ ካደረግሽ በኋላ እስከ ሱቁ ድረስ አብረን እንሄዳለን።