ጣቶቹን እዪለት

አንድ እረኛ ልጅ ሾላ ሊለቅም ዛፍ ላይ ወጥቶ ሳለ ቅርንጫፉ ተገንጥሎ ወደቀ። እጁን ዘርግቶ ነበር መሬቱን የመከተው፤ ክርኑ ወለቀ። አባቱ በበቅሎ አፈናጥጦ፣ እናቱም ተከትላ፣ ባገሩ ስመ ጥር ወደነበሩ ሽማግሌ ወጌሻ ወሰዱት።

ሽማግሌው የተጎዳውን ከመንካታቸው በፊት ደህናውን እጅ ጠየቁ። ክርኑን አጠፍ አድርገው አውራ ጣታቸውን በውስጠኛው ጉብታ፣ መሐል ጣታቸውን በውጭኛው፣ ሌባ ጣታቸውን በክርኑ ጫፍ ላይ አሳረፉ። ሦስቱ ጣቶች እንደ ጉልቻ ተቀመጡ። በተጎዳው ላይ ያንኑ ሲያደርጉ ግን ጉልቻው ፈረሰ፤ የክርኑ ጫፍ ወደ ኋላ ሸሽቷል። ከዚያ አንጓውን ይዘው የደም ስሩን ትርታ አዳመጡ። ጥፍሩን ጫን አድርገው ለቀቁና ቅላቱ እስኪመለስ ጠበቁ።

ቀስ ብለው ሳቡት። የክርኑን ጫፍ በአውራ ጣታቸው ወደ ፊት እየገፉ አጠፉት፤ ቀጭ ብሎ ገባ። በነጠላ ከአንገቱ አንጠለጠሉለት።

«አባቴ፣ ይኼማ ላልቷል፤ ጠበቅ አድርገው ይሰሩት እንጂ» አለ አባት።

«ልጄ፣ ገና ያብጣል፤ ለእብጠቱ ቦታ ተውለት» አሉና ወደ እናቲቱ ዞሩ። «አንቺ ደግሞ ሌሊቱን ጣቶቹን እዪለት። ከቀዘቀዙ፣ ከገረጡ፣ ወይ ስትዘረጊያቸው ካስጮኹት፣ ያለውን እስር ሁሉ ፍቺ።»

አባት አልረካም። የከፈለበት ሥራ በዓይኑ እንዲታየው ይፈልግ ነበር። ሲመለሱ ሌላ ወጌሻ ዘንድ ጎራ ብሎ የልጁን እጅ በቀርከሃ ስንጥር ከብብት እስከ አንጓ ጥርቅም አድርጎ አሳሰረው። ጎረቤቱ ሁሉ «ማሰር እንዲህ ነው!» አለ። ማታ ልጁ ያለቅስ ጀመር። «እየተጠገነ ነው፣ ቻለው» አለው አባቱ። እኩለ ሌሊት ላይ ልቅሶው ረገብ ሲል አባት እፎይ ብሎ ተኛ። እናት ኩራዝ አብርታ ጣቶቹን ያዘች፤ ቀዝቅዘዋል። ትንሿን ጣት ብትቆነጥጠው ልጁ አላወቀም። ማንንም ሳትቀሰቅስ ገመዱን በምላጭ በጠሰችው፤ ጥፍሮቹ መቅላት እስኪጀምሩም ዓይኗን አልነቀለችም።

ጠዋት አባት «ማን ፍቺው አለሽ?» ሲላት፣ «ጣቶቹ» አለችው።

አባትየው ክፉ ሰው አይደለም። ልጁን ይወዳል፤ ሕክምናን ግን በእስሩ ጥብቀት ይለካል፤ ብዙዎቻችንም እንዲሁ ነን። ክርን ግን ጥብቅ እስር አይሻም። ክርን የላይኛው ክንድ አንድ አጥንት ከታችኛው ክንድ ሁለት አጥንቶች ጋር የሚገናኝበት ቦታ ነው። በአዋቂዎች ከትከሻ ቀጥሎ አዘውትሮ የሚወልቀው ትልቅ መገጣጠሚያ እሱ ሲሆን፣ ብዙውን ጊዜ የሚወልቀው ወደ ኋላ ነው። አጥንቶቹ ግጥም ብለው ስለሚገቡ፣ ስብራት ከሌለው በአብዛኛው ከተመለሰ በኋላ ይረጋል። እንዲያውም ከሦስት ሳምንት በላይ ታስሮ የቆየ ክርን አልታጠፍ አልዘረጋ ይላል።

አደጋው ያለው በአጠገቡ በሚያልፈው ነው። በፊት ለፊቱ እጅን የሚመግበው ዋናው የደም ቧንቧ ከነርቭ ጋር ይወርዳል፤ በስተኋላ በውስጥ በኩል ደግሞ የትንሿ ጣት ነርቭ አለ። ያበጠ ክንድ በማይለጠጥ ነገር ሲጠፈር ደም ወደ ጡንቻው መግባት ያቅተዋል፤ በሰዓታት ውስጥም ጡንቻው ይሞታል፣ ጣቶች ተጨብጠው ይቀራሉ። ጀርመናዊው ቀዶ ሐኪም ሪቻርድ ፎን ፎልክማን ይህን በ1881 እ.ኤ.አ. ጽፎታል፤ ጉዳቱ ዛሬም በስሙ ይጠራል። የልጁ ልቅሶ እኩለ ሌሊት ላይ የረገበው ስለዳነ አልነበረም፤ ነርቩ ስለደነዘዘ ነው። እኔን ከሁሉ የሚያስፈራኝ ይህ ዝምታ ነው፤ ቤተሰብ የሚተኛው ያኔ ነውና።

ዛሬ ራጅ አለ፤ ውልቃቱ ስብራት እንዳለበትና እንደሌለበት በሱ ስለሚታወቅ ወጌሻ ከመንካቱ በፊት ተጎጂው ሐኪም ቤት መድረስ አለበት። ሆኖም ብዙ ሰው አሁንም ቀድሞ የሚሄደው ወጌሻ ጋ ነው። ባገራችን ጠብቆ በታሰረ ቀርከሃ ሳቢያ እጅና እግራቸው በጋንግሪን የተቆረጠ ሕፃናት አሉ። በዚህ የተነሳ ወጌሾችን ስለ አስተሳሰር ማስተማር ተሞክሮ ነበር፤ በ2005 እ.ኤ.አ. በሕክምና መጽሔት የወጣው ጽሑፍ ከትምህርቱ በኋላ የሚቆረጠው እጅና እግር መቀነሱን ዘግቧል። ያ ትምህርት በየወረዳው ሊሰጥ ይገባል፤ ሌሊቱን ነቅተው ለሚያስታምሙት እናቶችም ጭምር።