የጫነው ማን ነው?

«ከአገሩ የወጣ አገሩ እስኪመለስ፣ ቢጭኑት አህያ ቢለጉሙት ፈረስ።» ይህን ተረት ሳይሰማ ያደገ አማርኛ ተናጋሪ ያለ አይመስለኝም። ልጇ ዓረብ አገር ለመሄድ ፓስፖርት ስታወጣ እናት ትለዋለች። ዋሽንግተን ዲሲ ሃያ ዓመት የኖረ ሰውም ለቅሶ ቤት ከጎኑ ለተቀመጠው ወዳጁ ይለዋል። እናት የምትለው ለማስጠንቀቅ ነው፤ ሰውየው ግን የደረሰበት ሁሉ በእሱ ብቻ እንዳልደረሰ ለራሱ ለመንገር ነው።

ብዙዎቻችን ከተረቱ የምንሰማው አህያውን ብቻ ነው። ስደት ውርደት ነው፣ ሸክም ነው ብለን እናልፋለን። እኔ ግን የሚከነክነኝ ፈረሱ ነው። ፈረስ በእኛ ዘንድ የክብር እንስሳ ነው። ምኒልክን አባ ዳኘው፣ ባልቻን አባ ነፍሶ እያልን የምንጠራው በፈረሳቸው ስም ነው። ተረተኛው ይህን የክብር እንስሳ ከጭነት አህያ ጋር በአንድ ገመድ ሲያስረው ያለ ምክንያት አይደለም። ስደተኛ ተዋርዶም ሊኖር ይችላል፣ ተከብሮም ሊኖር ይችላል፤ በሁለቱም ግን መንገዱን የሚመርጥለት ሌላ ሰው ነው ማለቱ ነው። ይህ ከባድ አባባል ነው። እውነት ከሆነ፣ ዶክተር ሆኖ የሚኖረውም ሰው ሠራተኛ ሆና ከምትኖረው እህቱ የሚለየው በኮርቻው ብቻ ነው።

ስለ አህያው ብዙ መከራከር አያስፈልግም። በገልፍ አገሮችና በሊባኖስ የቤት ሠራተኛ የመኖሪያ ፈቃዷ የሚታሰረው በአሠሪዋ ስም ነው። አሠሪዋን ጥላ ከወጣች በዚያው ቀን ሕገ ወጥ ትሆናለች፤ ደመወዟን ተከልክላ ብትወጣም፣ ተደብድባ ብትወጣም ያው ነው። ፓስፖርቷ በአሠሪዋ፣ በማዳም፣ መሳቢያ ውስጥ ነው። ማታ ማዳም ከተኛች በኋላ መታጠቢያ ቤት ገብታ፣ ቧንቧውን ከፍታ፣ በሹክሹክታ የምትልከውን የድምፅ መልእክት የሰማ ቤተሰብ ተረቱን ማንም እንዲፈታለት አይጠይቅም። በ2006 ዓ.ም. ከሳዑዲ ዓረቢያ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ወገኖቻችን ሲባረሩ፣ ብዙዎቹ የሠሩበትን ሳይቀበሉ ቦሌ ላይ ወርደዋል። እዚህ ላይ ተረቱ ቃል በቃል ይሠራል።

ፈረሱን ለመፈተን ግን ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ወደ እኛ የመጡትን ማየት ይበቃል። ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. ወደ አውሮፓ ሲጓዙ ኢየሩሳሌም ጎራ ብለው በአርመን ገዳም የሚያድጉ ወላጅ አልባ ልጆች የነሐስ ሙዚቃ ሲጫወቱ ሰሙ። ወላጆቻቸው በኦቶማን ቱርክ በተካሄደው ጭፍጨፋ ያለቁ ልጆች ነበሩ። አርባዎቹ ወደ አዲስ አበባ መጡ፤ «አርባ ልጆች» የሚለው ስማቸውም እስካሁን ይታወሳል። አብሯቸው የመጣው የሙዚቃ መምህር ኬቮርክ ናልባንዲያን ይባላል፤ የኦቶማን ቱርክ ከተማ የነበረችው የአይንታብ ሰው ነው። በጥቅምት 1923 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የንግሥ በዓል የተዘመረውን የኢትዮጵያን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ የደረሰው እሱ ነው። ንጉሣዊው ሥርዓት እስኪወድቅ ድረስ የዚህ አገር ተማሪ በሰልፍ ቆሞ የዘመረው፣ ወታደሩ ቀጥ ብሎ የሰማው የአንድ ስደተኛ ዜማ ነበር።

ኬቮርክ ያለ ጥርጥር የተከበረ ሰው ነበር። የአርባዎቹ ልጆችና የሌሎቹም አርመኖች ልጆች እዚሁ ተወልደው፣ በአማርኛ ተሳድበው፣ በአማርኛ አፍቅረው አደጉ። ሆኖም በሰፈሩ አፍ «አርመኑ ጫማ ሰፊ»፣ «የአርመኑ ቤት» መባላቸው አልቀረም። ስሙ በክፋት አልወጣላቸውም። ግን ሦስተኛው ትውልድ ላይም አልለቀቀም። መንግሥት በ1967 ዓ.ም. ንብረት ከወረሰ በኋላ አብዛኞቹ ወደ ካናዳ፣ ወደ አሜሪካ፣ አንዳንዶቹም አይተውት ወደማያውቁት አርሜንያ ሄዱ። እዚህ ላይ ተረቱ ግማሽ እውነቱን ብቻ ይነግረናል። ልጓሙን አይቷል፤ «አገሩ እስኪመለስ» የሚለው ተስፋ ግን ለእነዚህ ሰዎች አይሠራም። አይንታብ ላይ የሚጠብቃቸው ቤት የለም። ሎስ አንጀለስ ውስጥ አገሬ ብለው የሚናፍቁት አዲስ አበባን ነው።

እስኪመለስ የሚለውን ክፍል በደንብ የፈተኑት ቤተ እስራኤላውያን ናቸው። ከጎንደርና ከትግራይ መንደሮቻቸው ሆነው የስግድ በዓል በመጣ ቁጥር ተራራ ላይ ወጥተው ወደ ኢየሩሳሌም ሲጸልዩ ብዙ ትውልድ አለፈ። በአገራቸው «ፈላሻ» ይባሉ ነበር፤ ርስት አይፈቀድላቸውም፣ ብረት ስለሚቀጠቅጡም በቡዳ ይታሙ ነበር። በ1977 ዓ.ም. በሱዳን በኩል፣ በግንቦት 1983 ደግሞ በአንድ ቀን ተኩል ውስጥ ከ14 ሺህ በላይ ሰዎች በአየር ወደ እስራኤል ተጓጓዙ። ወደ ሱዳን ሲያቋርጡ በበረሃውና በመጠለያው ያለቁት በሺዎች ይቆጠራሉ። እንግዲህ እነዚህ ሰዎች በተረቱ መሠረት ከስደት ወደ አገራቸው የተመለሱ ናቸው፤ ሸክሙ መውረድ ነበረበት። በጥር 1988 ዓ.ም. ግን የለገሱት ደም በሽታ ይኖርበታል ተብሎ ሲጣል መኖሩ ታወቀና በሺዎች ሆነው በኢየሩሳሌም አደባባይ ወጡ። ደምህ የእኛ ነው ተብሎ የተጠራ ሰው ደሙ ሲደፋበት ምን እንደሚሰማው ሳስብ ይከብደኛል። እነሱ ግን አጎንብሰው አልተቀመጡም፤ ታገሉ፣ ልጆቻቸው ፓርላማ ገቡ፣ ስግድም የእስራኤል ብሔራዊ በዓል ሆነ። ወደ አባት አገር መመለስ ብቻውን ሸክሙን እንዳላወረደላቸው ግን ታሪካቸው ይመሰክራል።

ተረቱን ጨርሶ የሚያፈርሰው የእኛው የራሳችን ሥራ ነው። በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲጀመር ሰፈራችን ውስጥ ጋራዥ የነበረው ሰው ነበር። አዲስ አበባ ተወልዶ ያደገ፣ እግሩ አሥመራን ረግጦ የማያውቅ። ሌሊት መጥተው ወሰዱት። ጠዋት ስናልፍ ሊጠግናት የፈታታት ፊያት ሞተሯ ጆንያ ላይ እንደተዘረገፈ፣ ብሎኖቿ በቆርቆሮ ጣሳ በሥርዓት ተለቅመው ተቀምጠዋል። ሚስቱና ልጆቹ እዚሁ ቀሩ። እንዲህ በአውቶቡስ እየተጫኑ ወደ ድንበር የተወሰዱት በአሥር ሺዎች ይቆጠራሉ። በ1985 ዓ.ም. በኤርትራ ሕዝበ ውሳኔ ድምፅ ስለሰጣችሁ ዜግነታችሁን ለውጣችኋል ተባሉ፤ ድምፅ መስጫው ጣቢያ ግን በመንግሥት ፈቃድ አዲስ አበባ ውስጥ የተከፈተ ነበር። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 33 ማንም ኢትዮጵያዊ ከፈቃዱ ውጭ ዜግነቱን እንደማይነጠቅ ከጻፈ ገና ሦስት ዓመቱ ነበር። በኤርትራ በኩልም ከአሰብና ከአሥመራ ኢትዮጵያውያን ተባረዋል።

ያ ሰው ከአገሩ አልወጣም ነበር። በተወለደበት ሰፈር፣ በራሱ ጋራዥ ደጃፍ ላይ ጫኑት። ተረቱ የሚጫነውን ያሳየናል፤ የሚጭነው ማን እንደሆነ ግን ዝም ይላል። እኔ የምጣላው ከዚህ ዝምታ ጋር ነው። ጥፋቱን የወጣው ሰው እግር ላይ ይጥልና የጫኙን እጅ ነፃ ያወጣዋል። አርመኑን፣ ቤተ እስራኤሉን፣ ጋራዥ የነበረውን ሰው ጎን ለጎን ሳስቀምጥ የማየው አንድ ነገር ነው፤ ሰውን ባለ አገር የሚያደርገው የወጣበት የዘር ሐረግም፣ የተመለሰበት መንገድም ብቻውን አይደለም። አብሮት የሚኖረው ሕዝብና ሕጉ «ይህ አይጫንም» ማለት አለባቸው።

ይህን በግልጽ ያለ ፍርድ አለ። ዎንግ ኪም አርክ ከቻይናውያን ወላጆች ሳን ፍራንሲስኮ ተወለደ። ቻይናውያን ሠራተኞች ወደ አሜሪካ እንዳይገቡ በታገዱበት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1895 ቻይና ደርሶ ሲመለስ ዜጋ አይደለህም ተብሎ ከወደቡ ተመለሰ፤ ወራትም በመርከብ ላይ ታግቶ ከረመ። እ.ኤ.አ. በ1898 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እዚያ ምድር በመወለዱ ዜጋ መሆኑን ወሰነ። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ከኢትዮጵያውያን ወላጆች የሚወለደው ሕፃን ያለ ልመና አሜሪካዊ የሆነው በዚያ ሰው ክርክር ነው። የእኛ ሕግ ግን ከ1922 ዓ.ም. የዜግነት ሕግ ጀምሮ የሚያየው ወላጅን ነው፤ አባት ወይም እናት ኢትዮጵያዊ ካልሆነ እዚህ መወለድ ብቻውን ዜጋ አያደርግም። አብዛኛው ዓለም እንዲህ ነው፤ በራሱ ነውር የለበትም። ነውሩ የሚጀምረው ሌላ በር ሳይከፈት ሲቀር ነው።

በሩ በጽሑፍ አለ። የ1996ቱ የዜግነት አዋጅ አራት ዓመት የኖረ፣ ከአገሪቱ ቋንቋዎች አንዱን የሚናገር፣ ራሱን የሚያስተዳድር የውጭ ሰው ዜግነት እንዲጠይቅ ይፈቅዳል። የ2011ዱ የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110 ደግሞ ለስደተኞች የመሥራት መብት ሰጥቶ ለረጅም ዓመታት የኖሩት ከሕዝቡ ጋር እንዲዋሃዱ መንገድ አስቀምጧል። ጅግጅጋ አጠገብ ቀብሪበያህ ላይ የሶማሊያ ስደተኞች መጠለያ ከተከፈተ ከ30 ዓመት በላይ ሆኖታል። እዚያ የተወለዱት ዛሬ ራሳቸው ወላጆች ናቸው፤ ከሶማሊያ የሚያውቁት እናቶቻቸው የነገሯቸውን ብቻ ነው። «ከአገሩ የወጣ» ብለን ልንተርትባቸው አንችልም፤ ከየትም አልወጡም። በአዋጁ መሠረት ማመልከቻቸውን ተቀብሎ፣ መርምሮ፣ መልስ የሚሰጥ ባለሥልጣን ግን ያስፈልጋቸዋል፤ ያንን ባለሥልጣን ሥራውን እንዲሠራ መጠየቅ ደግሞ የእኛ የዜጎቹ ድርሻ ነው።